«ትኩረት ስጥ!» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ትንሽ ሳይንስ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ክፍል ውስጥ በብዛት ከሚሰሙ ትእዛዞች አንዱ «ትኩረት ስጥ!» ነው። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ከሰሌዳው ኖት ይገለብጣል፣ መምህሩ በዚያው ሰዓት ያብራራል፣ መሃል ላይ ድንገት ጥያቄ ይወረውራል። ልጁ ካልመለሰ «ሰነፍ» ይባላል። እኔ ግን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የተሰጠው ሥራ ስንት እንደሚከብድ እንጠይቅ ባይ ነኝ። ክብደቱ አንጎል ላይ የሚለካ ነገር ነውና!

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መጀመሪያ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ያሳተመው በ1929። ዘዴው ኢኢጂ ይባላል። ኤሌክትሮድ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል፣ አያምም። በ1965 ደግሞ ሳሙኤል ሰተንና ባልደረቦቹ ዛሬ «ፒ-300» የሚባለውን ሞገድ ይፋ አደረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪን ላይ ክብ፣ ክብ፣ ክብ እያለ ይመጣና አልፎ አልፎ ካሬ ብቅ ይላል። «ካሬዎቹን ቁጠር» የተባለ ሰው ካሬውን ካየ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ሞገዱ ከፍ ይላል። ከፍ ይላል ስል ግን በጣም ትንሽ ነው። 10 ማይክሮቮልት ነው ብንል፣ 1.5 ቮልት ያለው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 150 ሺህ ጊዜ ይበልጠዋል። ስለዚህ ምስሉ ደጋግሞ ይታይና አማካዩ ይወሰዳል።

አሁን ሥራውን እናክብደው። ክቡና ካሬው ለመለየት ሲያስቸግሩ ሞገዱ ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል።

ለኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር ግን በ1983 ክሪስቶፈር ዊከንስ፣ ኢማኑኤል ዶንቺንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሙከራ ነው። ሰዎቹ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ዒላማ በእጃቸው እየተከታተሉ፣ በጎን ሌሎች ምልክቶችን ይጠብቃሉ። ዋናው ሥራ ሲከብድ ለጎኑ ምልክት የሚሰጠው ምላሽ አነሰ፤ ለዋናው የሚሰጠው ግን ጨመረ። አንዱ የጎደለውን ያህል ሌላው ላይ ሞላ ማለት ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሮድ ደርሰውበታል!

«ታዲያ ለልጆቹ ቀላል ቀላሉን እንስጣቸው?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ከባድ ሥራ ትኩረትን ወደ ራሱ ይስባል፣ ያ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ከባድ ሥራ ባንድ ጊዜ መጫን ነው። ኖት በሚገለበጥበት ሰዓት ዝም እንበል። ግራፍ ስንስል መጀመሪያ በደንብ ይዩት፣ ከዚያ እናብራራ። ጥያቄ የምንጠይቀው እስክሪብቶው ሲቀመጥ ይሁን። እናንተም ተማሪዎች፣ ፊዚክስ እየሠራችሁ ቴሌግራም የምታዩት፣ ያው ሂሳብ ነው።

ላቦራቶሪና 60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ይህ ሞገድም የጉብዝና መለኪያ አይደለም። ግን ትኩረት ልክ ያለው ነገር መሆኑ ከታወቀ፣ ልጁ ላይ «ሰነፍ» የሚል ስም መለጠፍ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ ከደብተሩ በላይ አብሮት ይቆያል።

መምህራን ምን ትላላችሁ? የድሮ ተማሪዎቼስ? ኮሜንት ላይ እንወያይ።