«ቀላል» ያልነው ለማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የፈረንጆቹ ታኅሣሥ እንደ ገባ፣ በካምፓላ ለምንኖር አማርኛ አንባብያን የተሰናዳ አንድ በራሪ ወረቀት እጄ ገባ። ከአናቱ ላይ በደማቅ ፊደል «ለበዓል የሚሆን ቀላል የፍራፍሬ ጫማ ሰፊ» የሚል ርእስ ታትሞበታል። እንግሊዝኛው «ኮብለር» ይላል፤ ቃሉ በአንድ ፊቱ ጫማ ሰፊ፣ በሌላ ፊቱ ደግሞ ከሥር ፍራፍሬ፣ ከላይ ሊጥ ሆኖ የሚጋገር ጣፋጭ ምግብ ማለት ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ፊት ለፊት ያገኘውን ፍቺ አንሥቶ ሄዷል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይህንኑ የምግብ አሠራር ለሌላ ቢሮ የተረጎምሁት እኔ ነኝና። በእኔ ትርጉም ውስጥ ጫማ ሰፊ የለም። ሰዋስዉ የተቃና፣ ቃል ከቃል የገጠመ ነበር፤ ክፍያዬንም ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀብያለሁ። ዛሬ ግን ደፍሬ የምናገረው፣ ጫማ ሰፊውን የጻፈው ሰው ጥፋቱ ከእኔ ያነሰ መሆኑን ነው። የእርሱን ስሕተት አንባቢ አይቶ ይስቅበታል፤ የእኔን ስሕተት ግን በራሱ ላይ አሳብቦ «እኔ ነኝ ያልቻልሁት» ብሎ ያልፋል።

ይህን ያስተማሩኝ በካንሳንጋ በጎረቤትነት የማውቃቸው አንዲት እናት ናቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ። እስቲ ንገረኝ፤ የትኛውን ምድጃ ነው ሦስት መቶ ሃምሳ የማደርሰው? የእኔ ሲጊሪ ቁጥር የለውም» አሉኝ። «እማማ፣ እርሱ እኮ የኤሌክትሪኩን ማለቱ ነው» ብል፣ «ታዲያ የኤሌክትሪኩን ለምን አላልክም? እኔ እኮ አማርኛ መስሎኝ ነው ያነበብኩት» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ አንባቢው በቤቱ ሊሠራው የማይችለው የምግብ አሠራር፣ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ገና አልተተረጎመም።

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። «ምድጃውን ቀድመው ያሙቁ» ብዬ ነበር። በአማርኛ ምድጃ ማለት ድስት የሚጣድበት፣ እሳት የሚነድበት ቦታ ነው፤ ቀድሞ የሚሞቅ፣ በር ያለው ሣጥን አይደለም። ለዚያኛው ሕዝቡ ራሱ ከጣሊያንኛ ተውሶ «ፉርኖ» የሚል ቃል አለው፤ ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» የምንለውም ከዚያው ነው። እኔ ግን የባዕድ ቃል ላለመጠቀም ስል ምድጃን ከትርጉሙ አፈናቀልሁት። «350 ዲግሪ» ያልሁትም የፋራናይት ነው፤ በሴልሺየስ 177 ገደማ ይሆናል። ካምፓላ የሚሸጡት ፉርኖዎች ቁጥራቸው በሴልሺየስ ስለ ሆነ፣ ፉርኖ ያለው ሰው እንኳ ቃሌን አምኖ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቢያዞረው የሚያገኘው ከሰል ነው።

«አንድ ስኒ ስኳር» ብዬም ጽፌአለሁ። የአሜሪካኑ መለኪያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የእኛ የቡና ስኒ ከዚያ ሲሶውን ቢይዝ ነው። ሁሉም በስኒ ቢለካ ኖሮ ምጣኔው አይፋለስም ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ ቅቤው «በዱላ» ተለክቷል። አሜሪካኖች ቅቤን 113 ግራም በሚሆን ጥቅል እየሸጡ ያንን ጥቅል «ዱላ» ይሉታል። ስለዚህ በእኔ ወረቀት መሠረት የጋገረች ሴት በትንሽ ዱቄት ላይ ብዙ ቅቤ አፍስሳ፣ ሊጥ ሳይሆን ወጥ ይወጣላታል። ተራውን ፉርኖ ዱቄት «ሁለገብ ዱቄት» ብዬው እንደ ነበር ስነግራችሁ አፍራለሁ። በመጨረሻም «ሁለት ቆርቆሮ ኮክ» ይላል። ኮክ በኢትዮጵያ ደጋ ያውም በጓሮ ይበቅላል፤ ካምፓላ ውስጥ ግን በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ መጥቶ በትልልቅ መደብሮች የሚሸጥ የቅንጦት ዕቃ ነው። በዚያው ሰሞን ናካሴሮና ካሌርዌ ገበያ የማንጎ ክምር መተላለፊያ ይዘጋል፤ የካዩንጋና የሉዌሮ አናናስ በጭነት መኪና ይገባል። ለቆርቆሮ ገንዘብ አውጡ ብዬ የመከርሁት እንግዲህ ፍራፍሬ በተትረፈረፈባት ከተማ መካከል ላሉ ሰዎች ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርጌ ስሳሳት፣ በርእሱ ላይ ግን «ቀላል» የሚለውን ቃል በትክክል ተርጉሜዋለሁ! ቀላል ለማን? ፉርኖ፣ የኤሌክትሪክ ክፍያ፣ ማቀዝቀዣና የቆርቆሮ መክፈቻ ላለው ሰው ቀላል ነው። በዚህ ከተማ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በከሰል ነው። ከእኛም መካከል በካባላጋላና በካንሳንጋ ጓሮ «ሙዚጎ» በሚሏት በአንዲት ክፍል ቤት የሚኖረው ብዙ ነው። ለእርሱ «ቀላል» የምትለው ቃል ስድብ ናት፤ ቀላሉን እንኳ አትችልም ትለዋለችና።

የሚያሳዝነው ደግሞ ምግቡ ራሱ በጥንተ ተፈጥሮው የከሰል ምግብ መሆኑ ነው። ኮብለር የፉርኖ ልጅ አይደለም። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰፋሪዎች በየምዕራቡ ጫካና ሜዳ ሲጓዙ፣ የሀገራቸውን ፓይ የሚጋግሩበት ፉርኖ ስላልነበራቸው፣ ያገኙትን ፍራፍሬ ከወፍራም የብረት ድስት ከትተው፣ ሊጡን ከላይ ጥለው፣ ከድስቱ ሥር ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገው አበሰሉት። በ1839 እ.ኤ.አ. ሌቲስ ብራያን የተባለች ሴት ባሳተመችው «ዘ ኬንታኪ ሃውስዋይፍ» በተሰኘው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ይኸው ስም ተጠቅሶ ይገኛል፤ እርሷም ለታላቅ እንግዳ የሚቀርብ ሳይሆን ለቤተሰብ የሚሆን ምግብ አድርጋ ታየዋለች። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት! ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ ነው? ድፎ ዳቦን በኮባ ጠቅልሎ፣ ምጣድ ላይ አድርጎ፣ ከላይ ሌላ ምጣድ ከነፍሙ ደፍቶ ሲጋግር ለኖረ ሕዝብ፣ ከዚህ የቀረበ የውጭ ምግብ የት ይገኛል? ተርጓሚው ምግቡን ቢያውቀው ኖሮ «እንደ ድፎ ነው» በሚል አንድ ሐረግ ግማሹን ሥራ በጨረሰ ነበር።

ወቀሳ ብቻ ይዤ እንዳልመጣ፣ ያንን ወረቀት ዛሬ ብተረጉመው የምጽፈውን እነሆ። አራት መካከለኛ ማንጎ፣ ወይም ሁለት ማንጎና ግማሽ አናናስ ልጦ መቆራረጥ፤ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ በግማሽ ሎሚ ጭማቂና በቁንጥር ቀረፋ ለውሶ፣ ታችኛው ወፍራም በሆነ ድስት ውስጥ እስኪፈላ ድረስ ብቻ ማብሰል። በሌላ ዕቃ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ እየለኩ ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ጨው ማደባለቅ፤ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከአንድ ብርጭቆ ጥቂት የጎደለ ውኃ ጨምሮ በማንኪያ ቶሎ ማዋሐድ እንጂ እንደ ዳቦ አለማሸት። ብዙ ካሹት ይደርቃል። ሊጡን በማንኪያ እየቆረሱ በትኩሱ ፍራፍሬ ላይ መጣል፤ መሐል ለመሐል ክፍተት ይኑረው። ከሲጊሪው አብዛኛውን ፍም አውጥቶ ከብረት ክዳኑ ላይ ማድረግ፤ ከታች ጥቂት ፍም በአመድ ሸፈን አድርጎ መተው፤ ስኳር ከታች ቶሎ ያርራልና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊጡን በስንጥር ወጋ አድርጎ ማየት፤ ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ ደርሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ የሚከፍት ሰው አመድ ይበላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከደጅ፣ በረንዳ ላይ ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሰው ይገድላል። ይህንንም የእንግሊዝኛው ወረቀት አልጻፈውም፤ ሊጽፈውም ምክንያት አልነበረውም።

ስለ ዘይቱም የምለው አለኝ። እንግሊዝኛው «ለበዓላት» ሲል የሚያስበው የታኅሣሥ 25ን የፈረንጅ ገና ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ግን በዚያ ቀን ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው በጾመ ነቢያት መካከል ነው ያለው፤ የእርሱ ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፣ በፈረንጆቹ ጥር 7፤ በኡጋንዳ ደግሞ ያ ቀን የሥራ ቀን ነው። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የተጻፈበትን ወረቀት በጾም እያደሉ «መልካም በዓል» ማለት አንባቢን አለማወቅ ነው። በዘይትና በውኃ ቢሠራ ግን ጾመኛው፣ በታኅሣሥ 25 የሚያከብረው ፕሮቴስታንትና ሙስሊሙ ጎረቤት ከአንድ ድስት ይበላሉ። በጥር 7 የሚፈልግ በቅቤና በወተት ይሥራው። በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር ነበር፤ አልጻፍሁትም።

ከሁለት ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ድፎ እያለን የፈረንጅ ጣፋጭ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። የዚህ ወገን ቁጭት ይገባኛል። ኮብለር ድፎን ሊተካ አይችልም፤ ድፎ በአባት እጅ ተባርኮ ይቆረሳል፣ ይህ ግን በማንኪያ ተጨልፎ ይበላል። ቦታው ከቡናው ጎን ነው። ይሁን እንጂ «የእኛ ያልሆነ አይግባ» የሚለው ክርክር ከራሳችን መሶብ ፊት አይቆምም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ወደ ቀሪው ዓለም የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው፤ ድንችም በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። ዛሬ ከዶሮ ወጥ ላይ በርበሬን ማን ደፍሮ ባዕድ ይለዋል? እነዚህ ነገሮች የእኛ የሆኑት በእኛ እሳት ስለ በሰሉ ነው። ካምፓላ ያለችው እናት ኮባ ብታጣ ድፎዋን በሙዝ ቅጠል መጠቅለሏ ባህል ማፍረስ ነውን? ይልቁንስ ባህሉን አሻግራ ማዝለቋ ነው።

ሁለተኛው ወገን «ለአንድ ጣፋጭ ይህን ያህል ምን ያስጮኻል? የማይችል ኬክ ገዝቶ ይብላ» ይላል። ለዚህ ወገን መልሴ ጠንከር ይላል። ያቺን ወረቀት የተረጎመ እጅ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ፣ የቤት ኪራይ ውልና የስደተኛ ማመልከቻ ቅጽም ይተረጉማል። ይህን የምለው እጁ የእኔ ስለ ሆነ ነው። «ስኒ» ብዬ የጻፍሁት መለኪያ ለስኳር ሳይሆን ለሕፃን ሽሮፕ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ኡጋንዳ በአፍሪካ ከሁሉ የበዙ ስደተኞችን የምታስተናግድ ሀገር ናት፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ወገኖች አሉ። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም እስኪለምዱ ድረስ ዓለምን የሚያዩት እኛ በምንሰጣቸው ወረቀት በኩል ነው። በቀላሉ ነገር ላይ ያልተጠነቀቀ በከባዱ አይጠነቀቅም።

ስለዚህ ወረቀት የምታሳትሙ ቢሮዎች ሆይ፣ ለአማርኛ ትርጉም ስትከፍሉ ለሙከራውም ክፈሉ። የምግብ አሠራር ከሆነ ተርጓሚው አንድ ጊዜ በከሰል ይሥራው፤ ቅጽ ከሆነ አንድ አንባቢ ፊቱ ተቀምጦ ይሙላው። የሙያ ጓዶቼም ሆይ፣ «እኔ የተባለውን ነው የተረጎምሁት» የምንላትን ምሽግ እንልቀቃት። እኔ ለዓመታት ከእርሷ ኋላ ተደብቄአለሁ፤ ምቹ ናት፤ ነገር ግን ከወዲያ ማዶ ሲጊሪዋን ታቅፋ ቁጥር የምትፈልግ ሴት ተቀምጣለች።

ባለፈው የገና ሰሞን አዲሱን ወረቀት በእጄ ጽፌ ለእማማ ወሰድሁላቸው። በማግሥቱ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ቡናው ተፈልቶ፣ ድስቱ ከነአመዱ ተቀምጧል። ጠርዙ ትንሽ አርሯል፤ መሐሉ ግን በስሏል። «ፍሙን ከታች አበዛሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንተ አይደለም» አሉኝ። ስሙን ምን ልበለው ብዬ ስጠይቃቸው ለአፍታ እንኳ አላሰቡም፤ «የማንጎ ድፎ ነዋ!» አሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። በሚቀጥለው ትርጉሜ ላይ የምጽፈው ግን ይህንኑ ነው።