በሁለት አዳራሽ የተደገሰ ድግስ

የኰሌጃችን የትያትር ተማሪዎች «ዘ ፕሮም» የተባለውን የሙዚቃ ትያትር ባሳዩ ጊዜ፣ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣንና እዚህ አሜሪካ የተወለድን ተማሪዎች አንድ መደዳ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ስንገባ ሣቅና ጨዋታ ነበረን። ስንወጣ ግን እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ ድረስ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ዝም ያሰኘን ምን እንደ ነበረ ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኢንዲያና በሚባለው ግዛት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ኤማ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የጭፈራ ምሽት ላይ ከምትወዳት ልጃገረድ ጋር ለመገኘት ትፈልጋለች። «ፕሮም» የሚሉት ይኸንኑ ምሽት ነው። የወላጆች ማኅበር ይኸን ሲሰማ ግብዣውን ይሰርዛል። የማኅበሩ መሪ ደግሞ የዚያችው የኤማ ፍቅረኛ የአሊሳ እናት ናት፤ የልጇን ምስጢር ግን አታውቅም። ኋላ ግብዣው እንዲደረግ ይወሰንና ኤማ አምራ ተውባ ወደ አዳራሹ ትሄዳለች። መብራቱ በርቷል፣ ጌጡ ተሰቅሏል፤ ሰው ግን የለም። ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ በሌላ አዳራሽ ተሰብስበው ይጨፍራሉ። አሊሳም እናቷን ፈርታ ከእነርሱው ጋር ናት።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስደነገጠን ነበር። ትያትሩ በኒው ዮርክ፣ በብሮድዌይ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2018 ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ኮንስታንስ ማክሚለን የተባለች ተማሪ ከሴት ጓደኛዋ ጋር፣ እርሷ ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ወደ ፕሮሙ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀች። የትምህርት ቦርዱ ሁለቱን ከማስገባት ይልቅ ግብዣውን ለሁሉም ሰረዘ። ዳኛው የልጅቱ መብት መነካቱን ቢያረጋግጡም፣ ወላጆች በግል ሌላ ግብዣ እናዘጋጃለን ስላሉ ፕሮሙ እንዲደረግ አላዘዙም። ኮንስታንስ ወደ ተነገራት ቦታ ስትሄድ ያገኘችው ሰባት ተማሪዎችን ብቻ ነበር። የቀሩት ሌላ ቦታ ይጨፍሩ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ትምህርት ቤቱ 35,000 ዶላር ሊከፍልና አድልዎን የሚከለክል ደንብ ሊያወጣ ተስማማ። ሆኖም ያ ምሽት አንዴ አልፏል፤ በገንዘብ ተመልሶ አይመጣም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ልጅቱን በዚያች ሌሊት የመታት የለም። ከበር ላይ የመለሳትም የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ሳይነግሯት ሌላ ቦታ መሄድ ብቻ ነው። በሰው ላይ ከሚፈጸም በደል ሁሉ ይህኛው ለበዳዩ እጅግ የሚመች ነው፤ እጁን ሳያቆሽሽ ይተኛልና።

ዝም ያሰኘን ይኸው ነበር። ከኛ ጋር ቡና የሚጠጣ፣ ከማናችንም ይልቅ ጨዋታ የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ነበረን። ስለ እርሱ ወሬ ተሰማ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም «ውጣ» አላለውም። ነገር ግን የቡና ቀጠሮአችን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር የጠራው አልነበረም። አልመከርንበትም፤ ድምፅም አልሰጠንበትም። እያንዳንዳችን ሌላው የሚጠራው መስሎን፣ ወይም እንዲመስለን ፈልገን ተውነው። እኛም ሁለተኛ አዳራሽ ነበረን ማለት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ለመሆኑ ያ ጓደኛችን ፈረንጅ ነበርን? እንጀራ ሲያምረው ከኛ ጋር አልነበረምን? «ሃይማኖታችን አይፈቅድም» የሚሉም አሉ። እምነታቸውን እንዲተው የሚጠይቃቸው የለም። ነገር ግን ጾም የሚያፈርሰውን፣ ውሸታሙን፣ የሰው ገንዘብ የሚበላውን ሁሉ ከቡናችን ሳንለይ እርሱን ብቻ መለየታችን ከሃይማኖት የመጣ ነው ብለን ራሳችንን ባናታልል ይሻላል።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል። ከመካከላችን ነገ አገሩ የሚገባ አለ፤ ወላጆቹ እዚያ ያሉበትም አለ። እዚህ ለሣቅ ያህል የተወራ ወሬ በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደርሳል። እኛ የምንረሳውን ቀልድ ሌላው ዕድሜ ልኩን ይከፍልበታል።

ትያትሩ የደግ አድራጊ ነን ባዮችንም ገበና አልሸፈነም። ኤማን ለመርዳት ከኒው ዮርክ የሚመጡት ተዋንያን መጀመሪያ የመጡት ለእርሷ ሳይሆን የጠፋ ስማቸውን ለማደስ ነው። እኛም በዚያ ምሽት ቆመን ስናጨበጭብ ከነርሱ አልተሻልንም። በጨለማ አዳራሽ፣ ለማናውቃት ልጅ ማጨብጨብ ምንም አያስከፍልም። አሜሪካ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች በመላ አገሪቱ እንዲጋቡ በ2015 ፈቅዳለች። ይሁን እንጂ ሕግ በር ያስከፍታል እንጂ አዳራሽ አይሞላም። አዳራሽ የሚሞላው በጓደኛ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሰውን ምስጢር ወደ ቤተሰቡ የሚያደርስ አንደበት ከመካከላችን ይጥፋ። ሁለተኛ፣ ለእንቁጣጣሽ በምናደርገው ግብዣ ላይ የሚመጣው ሰው ከማን ጋር እንደ መጣ አይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ያን ጓደኛችንን ሄደን እንጥራው። ላይመጣ ይችላል፤ ይገባዋልም። ቢሆንም እንጥራው።

አባቶቻችን «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በደጅ የቆመውን መንገደኛ ማን እንደሚወድ ሳይጠይቁ እግሩን አጥበው ያሳድሩት ነበር። በእንግዳ ተቀባይነታችን እንኰራለን እንላለን። እነሆ፣ ከመካከላችን የመሸበት አለ።