ባዶ የቀሩ ቤቶች

ልጆች ሆይ፤ በአሜሪካ አገር ደላዌር የሚባል ወንዝ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 ሞልቶ ብዙ ሰው ስለ ገደለ፥ የአገሩ ምክር ቤት በ1962 በቶክስ ደሴት አጠገብ ግድብ እንዲሠራ ፈቀደ። ሸለቆውን ውሃ ይሸፍነዋልና መንግሥት መሬቱን እየገዛ፥ እንቢ ያለውንም በሕግ እያስገደደ፥ ብዙ ሺህ ሰው ከአባቶቹ ቤት አስወጣ። በ1975 ግን ከአራቱ አውራጃዎች ገዥዎች ሦስቱ ግድቡ ይቅር አሉ። ሰውም ወጣ፥ ውሃውም ቀረ!

ከቤቶቹ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ በዋልፓክ መንደር ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመዋል፥ መንገደኛም ሊያያቸው ይሄዳል። ማየቱን አልነቅፍም፤ የበሩን መዝጊያ ነቅሎ መውሰድ ግን ስርቆት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ያ ችኰላ ነው። ግድቡ መሠራቱ ሳይረጋገጥ ሰውን ስለ ምን አስነሡት? አስቀድመው መክረው ቢሆን፥ በእነዚያ ምድጃዎች ዛሬም እሳት በነደደ ነበር።