ቅቤው ላይ ማን ይፈርም?

ገላጭ ጽሑፍ የሌለውን ምግብ እንዳንጠቀም የሚያሳስበውን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መግለጫ ያልሰማ የለም። ክሱ ሁሌም ያው ነው፤ የአምራቹ ስምና አድራሻ የለም፣ የመለያ ቁጥር የለም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈም። ማሩም፣ ዘይቱም፣ የኦቾሎኒ ቅቤውም በዚሁ ይወገዛል። የፋብሪካ ምርት ከሆነ ክርክር የለኝም። መደምደሚያው ግን ሸማቹ ጽሑፉን አይቶ ራሱን ይጠብቅ የሚል ነው። እስቲ ይህን ምክር ይዘን ሾላ ገበያ እንግባ።

ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እየተባለ ተደርድሯል። ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትቀምሰዋለች። የሚያበቃበት ቀን የት ይለጠፍላት? ቅጠሉ ላይ? የአምራቹስ ስም የማን ይሁን? ከብዙ ጓዳ ተጠራቅሞ ነጋዴው እጅ ላይ የተቀላቀለ ቅቤ ነው። የመለያ ቁጥሩን ከየትኛዋ ላም እንጀምር?

እንጀራውም ያው ነው። ሌሊት ጋግራ ጎህ ሲቀድ ለሱቅ የምታስረክብ ሴት «ቀን ጻፊ» ብትባል ምን ትጽፋለች? አዲስ አበባ ላይ ከ3 እስከ 4 ቀን ሳይሻግት የሚቆይ እንጀራ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ያን ያህል አይከርምም። ላቦራቶሪ የላትም፤ ገምታ ነው የምትጽፈው። ግምቷ ግን ከታተመ በኋላ ዋስትና ይመስላል።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። እንጀራ ላይ ጀሶ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅል ሰው ተለጣፊ ወረቀት ማሳተም ያቅተዋል? እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ፣ በቀለም አሳምሮ የሚያሳትመው እሱ ነው። ወጪው የሚከብደው ሐቀኛዋን ጋጋሪ ነው። ስለዚህ «ጽሑፍ ያለውን ግዙ» የሚለው ምክር አንዳንዴ ሸማቹን ወደ አጭበርባሪው ይመራዋል፤ ያውም በመንግሥት አፍ።

ወረቀት ጨርሶ የማይደርስበት አደጋም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ አፍላቶክሲን በተባለው የሻጋታ መርዝ መጠን የአውሮፓ ኅብረትን ወሰን ያላለፉ 9 ብቻ አግኝቷል። መርዙ ወደ ወተቱ የሚገባው ላሞቹ ከሚበሉት መኖ ነው፤ ከተመረመሩት መኖዎች ውስጥ በተለይ የኑግ ፋጉሎው በመርዙ ተበክሎ ተገኝቷል። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ቀን ተጽፎበት ቢሆንስ ኖሮ? ሸማቹ መርዙን ከነቀኑ ይጠጣው ነበር።

እንግዲያው ቁጥጥሩ ከሱቁ መደርደሪያ ወደ ፋጉሎው መጋዘንና ወደ ጅምላ ቅቤ ተራው ይሂድ፣ ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱም ይነገር እላለሁ። ይህን ስል ግን ልቤ ሙሉ አይደለም። የወተቱ ጉዳይ በተወራ ጊዜ ብዙ ሰው ወተት ሸሽቶ ነበር፤ ጉዳቱም ፋጉሎውን ባላመረተው አርቢ ላይ ወደቀ። ነገ የቅቤው ውጤት ይፋ ቢሆን አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ንጹሑን ከብልሹው የሚለይ ምን ይኖረናል? ዝም ማለቱ መርዝ ያስበላል፤ መናገሩም ምንም የማያውቁ ሰዎችን እንጀራ ይቆርጣል። ከሁለቱ የሚያድን አሠራር መኖር አለበት እላለሁ፤ ግን ማን እንደሚሠራው፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍለው እስካሁን የነገረኝ የለም።