ሕፃናትን ለመሣሪያ አደራ ስለ መስጠት

ልጅን የሚያስተምረው የትምህርት ቤቱ መምህር ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት ከተመለሰበት ሰዓት ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ በቤቱ ውስጥ የሚያየውና የሚሰማው ነገር ሁሉ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይሆንለታል። ስለ ፊተኛው ትምህርት ቤት ወላጆች ብዙ ይጨነቃሉ፤ መምህሩ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፥ ደብተሩን ይመረምራሉ፥ ገንዘብም ይከፍላሉ። የሁለተኛው ትምህርት ቤት መምህር ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚያስተምር የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከ7 ዓመት እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች በቤታቸው ቴሌቪዥንንና የእጅ ስልክን እንዴት አድርገው እንደሚገለገሉበት፥ ወላጆችም በዚህ ነገር ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ጥቂት ለማስታወስ አስበናል።

በአገራችን የቈየ ልማድ ማታ የልጆች የጨዋታ ጊዜ ነበረ። እራት ከተበላ በኋላ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ተሰብስበው ከአያታቸው ወይም ከእናታቸው ተረት ይሰማሉ፤ ከተረቱም በኋላ እንቈቅልሽ ይጫወታሉ። የእንቈቅልሽም ሥርዓት ሁላችን እንደምናውቀው ጠያቂው «እንቈቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው እንደ ሆነም አገር መስጠት ግድ ይሆንበታል። ይህ ጨዋታ ለሚያየው ሰው እንዲያው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ማድመጥን፥ ማሰብን፥ ቃል መምረጥን፥ ተራ መጠበቅን፥ መሸነፍንም ጭምር ይማርባታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሚያጫውተው ሰው ከልጁ መልስ መጠበቁ ነው። ልጁ ካልመለሰ ጨዋታው አይቀጥልም።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት ይህ መሣሪያ የሚገኝበት ቤት ጥቂት ስለ ነበረ የጎረቤት ልጆች ወደዚያው ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ዝግጅቱም የተወሰነ ሰዓት ነበረው፤ ሰዓቱ ሲፈጸም መሣሪያው ይዘጋል፥ ልጆቹም ያዩትን እየተነጋገሩ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በዚሁ መስኮት ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ሲነግሩና ምክር ሲሰጡ ኖረዋል። እሳቸው ሲናገሩ አያት በፊቱ የተቀመጠውን የልጅ ልጁን እንደሚያነጋግር ስለ ነበረ ልጆች በየቤታቸው ሆነው ሰላምታቸውን ይመልሱ እንደ ነበር በዚያ ዘመን ያደጉ ሁሉ ያስታውሱታል። እንግዲህ በዚያ ጊዜ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ሥርዓቱ የምድጃ ዳሩ ሥርዓት ነበረ ማለት ይቻላል። ልጆቹ አብረው ያያሉ፥ የሚያበቃበትም ሰዓት አለው፥ ከዚያም ስላዩት ነገር ይነጋገራሉ።

የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን እነዚህ ሦስት ነገሮች ጠፍተዋል። ዛሬ ልጁ የሚያየው ብቻውን ሆኖ፥ በእጁ ይዞ፥ አንገቱን ደፍቶ ነው። የሚያየውም ነገር መጨረሻ የለውም። አንዱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲፈጸም ሌላው ማንም ሳይጠራው በራሱ ይቀጥላል። ይህም በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ዩቲዩብንና ይህን የመሰሉትን ሁሉ የሚያዘጋጁት ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያገኙት በመካከል ከሚገባው የንግድ ማስታወቂያ ስለ ሆነ ተመልካቹ በቈየ ቍጥር ትርፋቸው ይበዛል። ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ የታየውን እየመዘገበ ያንኑ የሚመስል ሌላ ነገር ያቀርባል። ስልኩ የአባትየው ከሆነ ደግሞ አባትየው ሲመለከተው የነበረውን ዓይነት ነገር ለልጁም ያቀርብለታል። የጦርነት ወሬ የሚያይ አባት ስልኩን ለልጁ ሲሰጥ የጦርነቱን ሥዕል አብሮ መስጠቱ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለ ንግድ ማስታወቂያም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የልጆችን አእምሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ልጅ እስከ 8 ዓመት ገደማ ድረስ ማስታወቂያ ዕቃ ለመሸጥ የሚነገር ማባበያ መሆኑን በሚገባ አይለይም፤ እንደ እውነተኛ ምክር አድርጎ ይቀበለዋል። እንግዲህ ልጁ ጣፋጭ ወይም መጫወቻ ካልተገዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ልጁ የሚወሰደው እየሳቀ ነው።

በየቤቱ የሚታየውን ልብ ብንል ስልክ ለልጅ የሚሰጥባቸው ሰዓቶች ይታወቃሉ። እንግዳ ሲመጣ ልጁ እንዳይረብሽ ይሰጠዋል። ምግብ አልበላም ሲል ይሰጠዋል። እናት ሥራ ሲበዛባት፥ አባትም ከቢሮ ደክሞ ሲገባ ይሰጠዋል። ሲያለቅስ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ስለ ልጁ ጥቅም ታስቦ የተደረገ ሳይሆን ለታላላቆቹ ዕረፍት ሲባል የተደረገ ነው። በዚህም ዓይነት መሣሪያው ሞግዚት ሆነ። ደመወዝ አይጠይቅም፥ አይደክመውም፥ ልጁንም ጸጥ ያሰኛል። ነገር ግን ሞግዚት ሲቀጠር ጠባይዋ ይጠየቃል፥ ዋስ ትጠራለች፤ ይህን ሞግዚት ግን ማንም ዋስ አልጠራበትም።

የዚህም ነገር ጉዳት ምን እንደ ሆነ በምርምር የተገኘ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ሊቅና ጓደኞቻቸው 9 ወር ገደማ በሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ላይ ምርመራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ የቻይና ቋንቋ የሚናገር ሰው በፊታቸው ተቀምጦ 12 ጊዜ አጫወታቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ያው ንግግር በቴሌቪዥን ብቻ ተላለፈላቸው። በመጨረሻ ሲመረመሩ ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የቋንቋውን ድምፅ ለይተው ዐወቁ፤ በቴሌቪዥን የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። እርግጥ ነው፥ የ7 ዓመት ልጅ እንደ 9 ወር ሕፃን አይደለም፤ ከሥዕልም ብዙ ነገር ሊማር ይችላል። ቢሆንም ነገሩ የሚያስገነዝበን ቃል ወደ ልጅ ልብ የሚገባው ከሰው ፊትና ከሰው ዓይን ጋር በመጣ ጊዜ መሆኑን ነው።

በአገራችን ይልቁንም በከተማ ቤቶች ውስጥ ይህ ነገር ሌላ መልክ ይዟል። ልጁ ከስልኩ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ የቀለሞችንና የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ ወላጆችም በዚህ ይደሰታሉ፥ ለእንግዳም ያሳዩታል። የውጭ ቋንቋ ማወቅ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያው ልጅ አያቱ «ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ዋልክ?» ብላ ስትጠይቀው አንድ ሙሉ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ መናገር ያቅተዋል፤ ወይም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ምንም» ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ አያቲቱ የምታውቀውን ተረት፥ የዘሩን ታሪክና የቤቱን ወግ የምታወርሰው ሰው ታጣለች። ይህ ጉዳት በፈተና ውጤት አይታይም፤ የታወቀ ጊዜም እርሷ አትገኝም።

ይህን ስንል መሣሪያው በጠቅላላው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአማርኛ የልጆች ዝግጅት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ማሳየት ጀምረዋል። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ ፊደልንና ንጽሕናን በራሳችን ቋንቋ ለብዙ ልጆች አስተምራለች። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጥቷል። ደግሞም በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የሚኖር አባት ወይም አክስት በዚሁ ስልክ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ይነጋገራል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ሰውን ከሰው የሚያገናኝ እንጂ የሚለይ አልሆነም፤ ልጁ ይጠየቃልና፥ ይመልሳልምና። ስለዚህ መልካሙን ከክፉው የምንለይበት መለኪያ ይህ ነው እንላለን፤ ልጁ ስላየው ነገር የሚጠይቀው ሰው አለ ወይስ የለም?

አሁን ለወላጆች የሚጠቅመውን ምክር በአጭሩ እንጽፋለን።

አንደኛ፥ ስለ ጊዜው መጠን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ሥዕል ጨርሶ እንዳይታይላቸው፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ለተማሪ ልጆች የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የሰጠው ምክር ወላጆች ራሳቸው የማይለዋወጥ ወሰን እንዲያደርጉ፥ መሣሪያውም የእንቅልፍን፥ የጨዋታንና የጥናትን ጊዜ እንዳይወስድ ነው። ወሰኑ ዛሬ ግማሽ ሰዓት፥ ነገ ሦስት ሰዓት የሆነ እንደ ሆነ ልጁ የሚማረው ሕግን ሳይሆን ማልቀስን ነው። ስለዚህ አባትና እናት አስቀድመው ይስማሙ፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው አይስጥ። የቤት ሠራተኛዪቱም ትእዛዙን ትወቀው።

ሁለተኛ፥ ስለ እንቅልፍ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በሌሊት ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልገው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይናገራሉ። ጧት በ12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ቢዘገይ ማታ በ3 ሰዓት መተኛት አለበት ማለት ነው። የመሣሪያው ብርሃን እንቅልፍን ስለሚያዘገይ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጉ። ስልክም ከልጆች መኝታ ቤት አይደር፤ ከብርድ ልብስ ሥር የሚታየውን ማንም አይቈጣጠረውምና።

ሦስተኛ፥ ስለ ማዕድ። በገበታ ላይ ስልክ አይቅረብ። በገበታ ላይ የሚቀርበው የቀኑ ወሬ ይሁን። ልጁ በዚያን ቀን ያየውን ሥዕል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ ቃል ይናገር፤ «ያ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ተብሎም ይጠየቅ። በቀን አሥር ደቂቃ እንዲህ ማድረግ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል። እንቈቅልሹንም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ደግመው ቢጀምሩት ምንም ወጪ የለበትም።

አራተኛ፥ ስለ ቅጣት። ልጅ ሳያስበው የሚያስደነግጥ ወይም የሚያሳፍር ሥዕል ቢያይና ለወላጁ ቢነግር አይመታ፥ ስልኩም በቍጣ አይነጠቅ። እንዲህ የተደረገበት ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ያየውን ይሸሽጋል። ስለ ነገረን እናመስግነው፤ ነገሩንም በለሰለሰ ቃል እናስረዳው።

አምስተኛው ለወላጆች የከበደ ነው፤ ይኸውም የራሳቸው ምሳሌነት ነው። ብዙ የመንግሥት ሥራ ያለበት አባት ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁ ሮጦ ይቀበለዋል፤ አባት ግን በአንድ እጁ ልጁን እያቀፈ በሌላው ስልኩን ያነባል። ልጁ የሚነግረውን ሁሉ «እሺ፥ እሺ» እያለ ያሳልፈዋል። እንዲህ ያለ አባት በማግሥቱ «ስልክ አትንካ» ብሎ ቢያዝ ቃሉ አይሰማም፤ ልጅ የሚከተለው የተነገረውን ሳይሆን ያየውን ነውና። ሥራው የሚያስገድድ ከሆነ ለልጁ ነግሮ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ይፈጽመው፤ ከተፈጸመም በኋላ ስልኩን አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን ለልጁ ይስጥ።

ልጅ የሚጠይቅበት ዘመን አጭር ነው። የ7 ዓመት ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ «ለምን?» ይላል። የሚመልስለት ሰው ያጣ እንደ ሆነ ግን መጠየቁን ይተውና መልስ ወደማይጠብቅበት መሣሪያ ይመለሳል። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወላጅ በተራው «ልጄ ለምን አያነጋግረኝም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ዛሬ ማታ በቤቱ ከሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ልጆቻቸውን ጠርተው ዛሬ ምን እንዳዩ ቢጠይቋቸው፥ የሚመልሱትንም እስከ መጨረሻው ቢሰሟቸው የጽሑፋችን ዋጋ ተከፈለን ብለን እንቈጥረዋለን።