ጀርባው ሳይሰፋ እግሩን እንይ

አከርካሪ ላይ ብሎን በሚታሰርበት ቀዶ ሕክምና፣ ከሐኪሙ እጅ ቀጥሎ እኔ የምተማመነው በታካሚው እግር ነው። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው፤ ያደግሁት ደግሞ መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ። ከአይሱዙ ላይ የወደቀ ወይም ኩንታል የተናደበት ተሸካሚ አከርካሪው ተሰብሮ ሲመጣ የማስተኛው የሰፈሬን ሰው ነው።

ብሎኑ የሚገባው ፔዲክል በሚባል ጠባብ የአጥንት ድልድይ ውስጥ ነው። ደረት አካባቢ ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር የማይሞላበት ቦታ አለ። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ኅብለ ሰረሰርን፣ ወደ ታች ከሳተ የነርቭ ሥርን ያገኛል። ሐኪሙ ቀዳዳውን በቀጭን መዳሰሻ ይፈትሻል፤ በራጅም ያያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሰርጀሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ እጁ የተፈታ ሐኪም እዚሁ እናፈራለን። ራጅ ግን አጥንትና ብረት እንጂ ነርቩ መሥራቱን አያሳይም። ያንን በየቅጽበቱ የሚከታተል መሣሪያ አለ፤ ውድ ቢሆንም መገዛት አለበት። እስኪገዛ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ቮዜል፣ ስታኛራና ባልደረቦቻቸው በጽሑፍ ያወጡት ዘዴ ማሽን አይጠይቅም። ብሎኖቹና እነሱን የሚያያይዘው ዘንግ ከታሰሩ በኋላ፣ የሕመም ማስታገሻውን ሳናቋርጥ ሰመመኑን ቀንሰን ታካሚውን በከፊል እናነቃዋለን። መጀመሪያ «እጄን ጨብጥ» እንለዋለን። ከጨበጠ ሰምቶናል። ቀጥሎ «እግርህን አንቀሳቅስ»። እጁ ታዝዞ እግሩ ከቀረ፣ ሐኪሙ እዚያው ዘንጉን ያላላል፣ ብሎኑን ይነቅላል። ፈተናው አንዲት የነርቭ ሥር ብቻ ስትጎዳ ላያሳይ ይችላል፤ በደረቱ የተኛ ሰው ሲባንን የመተንፈሻ ቱቦው እንዳይወጣም ነቅቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ጉዳቱን ጠረጴዛው ላይ ሳለ ማወቅና ዎርድ ከገባ በኋላ ማወቅ ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ሁሉም ነገር የሚያርፈው ታካሚው ትእዛዙን በመስማቱ ላይ ነው። የመርካቶ ተሸካሚ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከወላይታ የመጣ ነው። አማርኛው ለገበያ ይበቃዋል፤ በሰመመን መሃል ግን ላይበቃው ይችላል። አንድ ጊዜ ደጋግመን ስንጠራው ዝም ያለን ወጣት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በጋሞኛ ስታናግረው ጣቶቼን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ታካሚው የሚሰማው ቋንቋ የትኛው ነው፣ ትእዛዙንስ ተለማምዷል? ልምምዱ በዋዜማው ይደረግ። ዘመድ ባይኖረው እንኳ አብሮት ከሚጭንና ከሚያወርድ ባልደረባው መካከል የአገሩ ልጅ አይጠፋም፤ ሆስፒታሉ ይጥራው፣ ከአልጋው አጠገብም ያስቀምጠው።