ከዋይማክስ የተረፈው ሞገድ

ኮሎምበስ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ኢንተርኔት ስንጫወት ቀድሞ የሚነሣው ቁጥሩ ነው፤ «ፎር ጂ ነው ፋይቭ ጂ?» እንባባላለን። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት የምጠይቀው አለኝ፤ አዲሱ ኔትወርክ ሲመጣ የአሮጌው ደንበኛ አብሮ ይሻገራል ወይስ ይቀራል?

የምኖርበት አፐር አርሊንግተን ለዚህ ጥያቄ ባዳ አይደለም። አሜሪካውያንን በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ዓለም ጋር ያገናኘው ኮምፒዩሰርቭ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነበር። ጂአይኤፍ የተባለውን የምስል ፎርማት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውም እሱ ነው። በ1998 ኤኦኤል ጠቀለለው። የስልክ መስመሩን ፈጣኑ ብሮድባንድ ተካው፤ ከዚያም ብሮድባንዱን ያለ ሽቦ ማድረስ ፉክክር ሆነ።

ተፎካካሪዎቹ ሁለት የፎር ጂ ቴክኖሎጂዎች ነበሩ። ዋይማክስ ከኮምፒዩተሩ ሰፈር መጣ፤ ዋና ደጋፊው ኢንቴል ነበር። ኤልቲኢ በጂኤስኤም ቤተሰብ፣ ማለትም በሞባይሉ ሰፈር ተወለደ። ቀድሞ የደረሰው ዋይማክስ ነው። በ2008 ኢንቴል፣ ጉግል፣ ኮምካስትና ሌሎች ክሊርዋየር ለተባለው ኩባንያ 3.2 ቢሊዮን ዶላር አዋጡ፤ የሞባይል ኩባንያው ስፕሪንትም ሞገዱን ይዞ ገባ። ኤልቲኢ ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ ለደንበኛ የተከፈተው በ2009 መጨረሻ ነው።

በአሠራር ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም ሰፊውን ሞገድ በቀጫጭን መስመሮች ከፋፍለው ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያድላሉ። ታዲያ ቀዳሚው ለምን ተሸነፈ? ዋይማክስ እንደ አዲስ የሚጀመር ኔትወርክ ነበር። ኤልቲኢ ግን በዓለም ዙሪያ ጂኤስኤም ላይ የነበሩትን ኩባንያዎችና ደንበኞቻቸውን ይዞ ተነሣ፤ ፎር ጂ ያልደረሰበት ሰፈር ስልኩ ወደ ስሪ ጂ ይመለሳል። ከሌላ ቤተሰብ የነበረው ቬራይዘን እንኳ በ2007 ኤልቲኢን መረጠ። ስፕሪንትም ዞሮ ኤልቲኢን ያዘና ዋይማክሱን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ዘጋ።

ሞገዱ ግን አልባከነም። የዋይማክስ ቤት የነበረውን 2.5 ጊጋኸርትዝ ቲ ሞባይል በ2020 ከስፕሪንት ጋር ሲዋሐድ ወረሰው፤ ዛሬ የፋይቭ ጂው ዋና ምሰሶ ነው። መካከለኛ ሞገድ ስለሆነ ከዝቅተኛው የበለጠ ዳታ ይሸከማል፤ ቅጠልና ግድግዳ ከሚያስቆመው ከፍተኛው ሞገድ ደግሞ ርቆ ይደርሳል። ሽቦ ሳይገባ ከማማው በቀጥታ ለቤት የሚሸጠው ኢንተርኔት እንዲሠራ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኤልቲኢም ቢሆን ሁሉንም አላሻገረም። በ2022 ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት፣ ቬራይዘን በዓመቱ መጨረሻ ስሪ ጂውን ዘጉ። ፎር ጂ የተሠራው ለዳታ ነው፤ ድምፅ በእሱ ላይ እንዲሄድ ስልኩ ቮልቲኢ የሚባለው አሠራር ሊኖረው ይገባል። ይህ የሌለው ስልክ፣ ፎር ጂ ቢሆንም፣ መደወል ተሳነው። የተጎዳው በአብዛኛው ስልኩን ለዓመታት የማይቀይረው አረጋዊና እጅ ያጠረው ሰው ነው።

ሀገር ቤትን የማስበው ይኼኔ ነው። እዚህ ሞባይሉ ቢከዳን ቤት ውስጥ ኬብል ወይም ፋይበር አለ፤ እዚያ ለአብዛኛው ሰው ያለው ኢንተርኔት በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ፎር ጂ አዲስ አበባ የገባው በ2015 ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2022 ፋይቭ ጂን መሞከር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ፉክክሩ ያስደስተኛል። በ2023 ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግን የትኛውም «ጂ» እናትን ከልጇ አላገናኘም።

ስለዚህ ኩባንያዎቹን የምለምነው ይህን ነው፤ ቦሌ ላይ ሌላ የፋይቭ ጂ አንቴና ከመትከላችሁ በፊት ፎር ጂውን ወደ ገጠሩ አድርሱት። የጎጃም ገበሬ በአቅሙ ቮልቲኢ ያለው ስልክ እስኪገዛ ድረስም ቱ ጂውን አትዝጉበት።